እምቢ ስል እሺ ማለቴ ነው

አክስቴን የምጠራት እቴቴ ብዬ ነው። ዕድሜዋን የጠየቃት ሰው "ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለድኩ" የሚል መልስ ያገኛል። ጣሊያን በወጣ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ የምታውቀው ግን እሷና እግዜር ብቻ ናቸው። ኑሮዋ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት ነው። ለበርበሬ ቡሬ፣ ለሕመም ፍኖተ ሰላም፣ ለሠርግ ደብረ ማርቆስ ትወርዳለች፤ ከዚያ ያለፈ መንገድ አልነበራትም። ልጇ እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል በምትባል ከተማ ወለደችና እቴቴ ሁለት ሻንጣ ሙሉ የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮና የቡሬ በርበሬ ይዛ አራስ ልትጠይቅ አውሮፕላን ተሳፈረች። እኔም በዚያው ሰሞን ለአጭር ሥልጠና እዚያው ከተማ ነበርኩ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝ ይጠፋብኛል። ያልጠፋብኝ ሻዩ ነው።

ነገሩን ያመጣው የእቴቴ አማች ነው። የቋሪት ልጅ ነው። ልጁ አርባ ቀኑ ሞልቶት ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ አማቱ አገር ቤት ገብታ የምታወራለት አንድ ትልቅ ነገር ሊያደርግላት ፈለገና "የእንግሊዝን የከሰዓት ሻይ ባዝ ሄደን እንጠጣለን" አለ። ባዝ ከብሪስቶል በባቡር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

"ሻይ ለመጠጣት ባቡር?" አለች እቴቴ።

አይፈረድባትም። ፈረስ ቤት ላይ ሻይ መንገድ የሄደ ሰው የሚያርፍበት ነገር ነው እንጂ መንገድ የሚያስኬድ አይደለም። በገበያ ቀን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰል ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት፣ ከስኳሩ ብዛት ማንኪያ የሚያቆም ሻይ፣ ከጎኑ አንድ ቁራሽ ዳቦ። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ብርጭቆው ከመጠጫነቱ የእጅ ማሞቂያነቱ ይበልጣል። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ ደግሞ ረዳቱ "ሻይ ቡና! ዐሥር ደቂቃ!" ብሎ ይጮኻል፤ ዐሥሩ ደቂቃ አርባ ይሆናል፤ በአርባው ደቂቃ የሚጠጣው ግን ያው አንድ ብርጭቆ ነው።

አማችየው ቀጠሮ የያዘው ለረቡዕ ነበር። እቴቴ "ምን ምን አለበት?" ብትለው ከስልኩ እያነበበ ነገራት። ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ እንቁላል፣ የወተት አናት፣ በቅቤና በእንቁላል የተጋገረ ኬክ። ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር ከጃሙና ከፈላው ውሃ በቀር ይህ ነው የሚባል የጾም ነገር አልተገኘም።

"ታዲያ እንግሊዝ ረቡዕ ረቡዕ ምን ይበላል?"

"ይህንኑ ነው የሚበላው።"

አማተበች። ቀጠሮው ወደ ሐሙስ ተዛወረ።

ባዝ ስንደርስ ግን እቴቴ ሻዩን ጨርሳ ረስታው ነበር። አባቷ፣ ማለት የእኔ አያት፣ በአርበኝነቱ ዘመን ቡሬ አካባቢ ነበሩና ንጉሡ የተሰደዱበትን ከተማ ስም እንደ ዳዊት ለልጆቻቸው አስጠንተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1928 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1932 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ የኖሩት ባዝ ውስጥ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ነው። ሄደን ከደጅ ቆመን አየነው። የማር መልክ ባለው ድንጋይ የተሠራ ደህና ቤት ነው፤ ቤተ መንግሥት ግን አይደለም። "ይህችው ናት?" አለች እቴቴ ቅር ብሏት። ንጉሡ ኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958፣ ቤቱን አረጋውያን እንዲጠቀሙበት ለከተማው እንደሰጡት ስንነግራት ቅሬታዋ ለቀቃት። ጠጋ ብላ በሩን ተሳለመች። ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑን ብናስረዳት "ንጉሥ አልቅሶ የጸለየበት ደጅ ከዚያ ያንሳል?" አለችን። በእግረኛው መንገድ የሚያልፈው እንግሊዝ ሁሉ አየና በትሕትና ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ይህችን የዓይን ማዞር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያች ቤት የወጡት ንጉሥ በካርቱም አድርገው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማም ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ ያሏት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ንጉሡ ከባዝ ተነሥተው በቡሬ በኩል አገራቸው ገቡ፤ እቴቴ ከቡሬ በላይ ካለው ደጋ ተነሥታ ባዝ ገባች። እሳቸው ሠራዊት አስከትለው ነበር፤ እሷ ሁለት ሻንጣ።

ከንጉሡ ጋር የዘመተውን ጦር የሚመራው ዊንጌት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ በስሙ ትምህርት ቤት ያለው። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍራፍሬ ይገምጥ እንደነበር የጻፉለት ብዙ ናቸው። ለዘመቻው ከሱዳን 15,000 ያህል ግመል ተነዳ። ግመልና ደጋ እንደማይስማሙ የጎጃም ገበሬ ቢጠየቅ በነገራቸው ነበር፤ አብዛኛው ግመል ከመንገድ ቀረ። አያቴን ያስደነቃቸው ግን ሽንኩርቱም ግመሉም አይደለም። "እንግሊዝ ጥይት እየፈላ ሻይ ያፈላል" ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት በአድናቆት ይሁን በትዝብት እስኪሞቱ ድረስ አልለየልንም። በዚያው ጊዜ እንግሊዝ አገር ሻይ በራሽን ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ሲጀመር ለአንድ ሰው በሳምንት 2 አውንስ፣ ማለትም 57 ግራም ገደማ ይሰፈር ነበር፤ ራሽኑ የተነሣው በ1952 ነው። ሰማይዋ ቦምብ እያዘነበ ሻይ በሚዛን የምትሰፍር አገር ሻይን እንደ ቀልድ እንደማትይዘው አስቀድመን ማወቅ ነበረብን።

የሻይ ቤቱን ስም አልጠራም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት የጣውላ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል ተዘርግቷል። እቴቴ ገና ሳትቀመጥ የዳንቴሉን ጫፍ በጣቷ ይዛ ገለበጠችና ጀርባውን አየች። "የኪሮሽ ሥራ ነው፤ ሠሪዋ ባለሙያ ናት" ብላ አጸደቀች። እኔ በበኩሌ የተዘረጋውን ዕቃ ቆጠርኩ። ለአራት ሰው አራት ሲኒ፣ አራት የሲኒ ማስቀመጫ፣ አራት ትንንሽ ሳህን፣ አራት ቢላዋ፣ የማንኪያው ብዛት ደግሞ የማኅበር ድግስ ያህላል።

ስንጠብቅ አማችየው ያነበበውን ተረከልን። ልማዱን ጀመረች የሚሏት አና የምትባል የቤድፎርድ ሰባተኛዋ ዱቼዝ ናት፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1840 ገደማ። መሳፍንቱ ምሳ በጊዜ ይበላሉ፤ እራት የሚቀርበው ደግሞ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ነው። በመካከሉ ዱቼዟን ረሃብ ሲሞረሙራት ሻይና ዳቦ በቅቤ ወደ እልፍኟ ታስመጣ ጀመር። ብቻዋን ቢከብዳት ወዳጆቿን ጠራች። ወዳጆቿም በየቤታቸው ጠሩ።

"እና መክሰስ ነው አትለኝም?" አለች እቴቴ።

ከዚህ ወዲያ ማብራሪያ የለም። መክሰስ ነው። የፈረስ ቤት እረኛ ሁሉ ያለ ዱቼዝ የሚያውቀው፣ ጥላ ሲረዝም በድንች ቅቅል ወይም በገብስ ቆሎ የሚታለፈው ያ ሰዓት ነው። የእኛን መክሰስ ማን እንደጀመረው ግን አልተጻፈም፤ የመጀመሪያው የራበው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ይባስ ብሎ በሰሜን እንግሊዝ "ሻይ" ማለት እራት ነው አለን አማችየው። ሻይ ሲሏችሁ መክሰስ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲሉት ደግሞ እራት ነው። እኛም ብንሆን "ጠላ ቅመስ" ብለን ጠርተን ቅምሻውን በጣሳ የምንሰፍር ነንና የምንፈርድበት አፍ የለንም።

"ሻዩ የሚበቅለው በየት በኩል ነው?" እቴቴ በመስኮት የዳገቱን ማሳ ፈለገች።

"እዚህ አይደለም። ከኬንያ፣ ከሕንድ ይመጣል።"

"ስኳሩስ?"

"እሱም ቢሆን ድሮ የሸንኮራ ነበር፤ ከባሕር ማዶ።"

"ታዲያ የእንግሊዝ ሻይ የሚሉት ምኑ ነው?"

አማችየው አሰበ። "ወተቱ" አለ።

እቴቴ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። ውሽውሽና ጉመሮ የት እንዳሉ ባታውቅም የምትጠጣው የአገሯን ቅጠል መሆኑን ታውቃለች፤ ሻዩም ባልበቀለበት አገር ስም መጠራቱ የሰው ልጅ በአክስቱ ስም እንደመጠራት ሆነባት።

ሻዩ መጣ። የሸክላ ማንቆርቆሪያው በሱፍ የተሠራ ሹራብ ለብሷል፤ እጀታውና አፉ ብቻ በተሠራላቸው ቀዳዳ ወጥተዋል። "ይህስ ጋቢውን ደርቦ መጣ" አለች እቴቴ፣ የደጋ ሰው ናትና በደስታ። አስተናጋጇ ሌላ ማንቆርቆሪያ ጨመረች። በሁለተኛው ያለው ባዶ ፍል ውሃ ነው፤ ሻዩ ሲወፍር ለማቅጠኛ። ከአጠገቡ ደግሞ ጎድጎድ ያለች ነጭ ሳህን አኖረች፤ የሻይ አተላ መድፊያ ናት። እቴቴ ውሃ አየች፤ ጎድጓዳ ሳህን አየች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣል፣ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ሁለት እጆቿን ሳህኗ ላይ ዘረጋችና ልጅቱን ቀና ብላ ጠበቀቻት።

አስተናጋጇ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልጇ እጇን ከፍል ውሃው አፍ ቀማቻት።

"እማዬ፣ የእጅ ውሃ አይደለም!"

"ነው? ታዲያ በባቡር እጅ ሊበሉ ነው?"

እርስ በርስ ተያየን። የባቡሩን ብረት ጨብጠን መጥተናል፤ ሳንድዊቹ የሚበላው በእጅ ነው። ከአራታችን ትክክለኛዋ እሷ ነበረች። አንድ በአንድ እየተነሣን መታጠቢያ ቤት ሄድን። አስተናጋጇም እንዳላየች ሆና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ ዋናው ነገር ቀረበ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ማቅረቢያ። ከምድር ቤቱ ሳንድዊች፣ ከመካከለኛው ስኮን፣ ከላይኛው እንደ ቁልፍ የደቀቁ ኬኮች። ሥርዓቱ ከታች ወደ ላይ መውጣት ነው። ሳንድዊቹ የሁለት ጣት ስፋት አለው። በመካከሉ ያለው ኪያር በጣም ከመሳሳቱ የተነሣ ቅቤው ባይዘው ነፋስ ይወስደዋል። እቴቴ አንዱን አንሥታ ዙሪያውን አየችው።

"ቅርፊቱን ለማን ሰጡት?"

ድፎ ቆርሳ የምታውቅ ሴት ናት፤ ለቅርፊቱ ሕፃናት እንደሚደባደቡ ታውቃለች። እዚህ ግን ቅርፊት ተቆርጦ ይጣላል። "ጥርስ የሌለው ዱቼዝ ኖራ ይሆናል" ብላ ጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ነበር። እጇን ሰበሰበችና ተቀመጠች።

ሁላችንም በላን። የታችኛው ፎቅ ባዶ ሲሆን አስተናጋጇ መጣችና ሳንድዊች ልጨምርላችሁ አለች። ዋጋው ውስጥ ያለ ነው፤ እስኪበቃን መጨመር መብታችን ነው። ልጅቱ የእድሜ ባለጸጋዋን አክብራ በመጀመሪያ ወደ እቴቴ ዞረች።

"ኧረ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ!" አለች እቴቴ ደረቷን ይዛ።

ልጇ ቃል በቃል ተረጎመች። አስተናጋጇ ፈገግ አለች፣ "ደስ ይላል" የሚል ቃል ተናገረች፣ ሄደች። ባዶውን ሳህን ይዛ ሄደች።

እቴቴ በሩን ማየት ጀመረች። ሳህኑ ተሞልቶ፣ ልጅቱም "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" የሚለውን ይዛ እስክትመለስ ትጠብቃለች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ አምስት አለፈ። አስተናጋጇ ሌላ ጠረጴዛ ታስተናግዳለች።

"ሄደች እኮ!"

"እምቢ አልሻት እኮ፣ እማዬ።"

"እምቢ ስል እሺ ማለቴ ነው! ይህን የማያውቅ ሰው አለ?"

አለ። አንድ አገር ሙሉ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከፈረስ ቤት ሰው ቤት ገብቶ እንጀራ ሲቀርብለት ወዲያው እጁን የሚዘረጋ እንግዳ ያልተቀጣ ነው። መጀመሪያ "አሁን በልቼ መጣሁ" ይባላል፤ ባለቤቲቱ አታምንም። ቀጥሎ "ኧረ ማርያምን" ይባላል፤ አሁንም አታምንም። በሦስተኛው "በሞቴ" ስትል እንግዳው ለእሷ ሕይወት ሲል ይበላል። ከበላ በኋላ ጉርሻው ይመጣል፤ አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በዚህ ሁሉ መሐል እውነት የተናገረ የለም፤ የተዋሸም የለም። እንግዳው እምቢ የሚለው ቤቱ ውስጥ ያለውን ስለማያውቅ ነው፤ ምናልባት ከቀረበው በቀር ለልጆቹ የተረፈ የለም። ባለቤቲቱ የምትለምነው ደግሞ "አለ፣ ለሁላችንም ይበቃል" ማለቷ ነው። ክረምት መውጫ ላይ ጎተራ የሚያጋድልባት አገር ያበጀችው ዘዴ ነው፤ ማንም ሳያፍር የቤቱ ልክ ይታወቃል።

የባዝ ሻይ ቤት ግን ጎተራው አይታማም። ሁሉም ነገር በሰው ልክ ተቆጥሮ የቀረበ ስለሆነ የሚመረመር የለም። ስለዚህ "በቃኝ" ያለ ሰው በቃው። ቃሉን ተቀብሎ ዞር ማለት ነው ክብሩ፤ ሁለተኛ መጠየቅ ሰውየውን ዋሸህ እንደማለት ነው። እነሱም ጨዋ ናቸው፤ እኛም ጨዋ ነን። እንግሊዝ ቃልህን ያምናል፤ የጎጃም ሰው የሚያምነው ሆድህን ነው። ከፌርፊልድ በር ላይ ዓይኑን ያዞረው መንገደኛም፣ የተዘረጋ እጅ አይታ ወደ መስኮት የዞረችው ልጅም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ካላየሁህ አላሳፍርህም ይላሉ። ፈረስ ቤት ግን ካላዩህ ነው የምታፍረው።

ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን ሳያዩ እንዳልቀሩ እገምታለሁ። ፍቅር እስከ መቃብር የሚጀምረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ባለችው ማንኩሳ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ በፊት ደግሞ ደራሲው ለንደን ላይ አምባሳደር ነበሩ። የጎጃም ይሉኝታና የእንግሊዝ ትሕትና አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ስንት ሳንድዊች እንደሚያመልጥ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ስኮኑ ወጣን። ስኮን የድፎ የልጅ ልጅ ነው ብትሉት አይከፋውም፤ የቡጢ ያህል ቁመት፣ ትኩስ፣ ለሁለት የሚገመስ። አብሮት የእንጆሪ ጃምና የወተት አናት ይመጣል። አናቱ ክሬምም ቅቤም ሳይሆን በመካከል ሐሳቡን ቀይሮ የቆመ ነገር ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዝ ምዕራብ ለሁለት ተከፍሏል። የዴቨን ሰው አናቱን አስቀድሞ ጃሙን ይደርባል፤ የኮርንዎል ሰው ጃሙን አስቀድሞ አናቱን ይደርባል። ሁለቱ አውራጃዎች ጎረቤት ናቸው፤ በዚህም ነገር አይታረቁም። እቴቴ የሁለቱን ክርክር ሰማችና ሁለቱን በአንድ ማንኪያ አዋሕዳ ፈተፈተችው። አማችየው ወደ ቋሪት ዞሮ ማልቀስ እንደቃጣው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

በአጠገባችን ጠረጴዛ ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠዋል። ነጭ ጸጉራቸው በሥርዓት ተበጥሯል፤ እኩል ዘመን የኖሩ ጓደኛሞች ይመስላሉ። ማቅረቢያቸው ላይ አንድ ስኮን ብቻ ቀርታለች። አንደኛዋ "አንቺ ውሰጃት" ትላለች። ሁለተኛዋ "የለም፣ አንቺ" ትላለች። ዝም ይላሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ዓይናቸው ግን ስኮኗ ላይ ነው። ትርጉም አላስፈለገም። እቴቴ ጉዳዩን ከሩቅ ለየችው።

"ተመልከት፣ እነዚህም ይሉኝታ አላቸው!" አለችኝ። "አቅራቢ ነው ያጡ።"

ልንይዛት ስንል ተነሥታለች። ከጠረጴዛቸው ደርሳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ስኮኗን አነሣች፤ ለሁለት ገመሰቻት፤ ግማሹን በአንደኛዋ፣ ግማሹን በሁለተኛዋ ሳህን አኖረች። "በሞቴ፣ ብሉ፤ ይቀዘቅዛል" አለቻቸው በጥሩ ጎጃምኛ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። የሲኒ ድምፅ እንኳ ቆመ። ዓይን የሚዞርበት መስኮት ጠፋ። ከዚያ አንደኛዋ አሮጊት ሳቀች፣ ሁለተኛዋም ተከተለቻት፣ ግማሽ ግማሻቸውን ጃምና አናት ቀብተው በሉ። የበሉበትን ቅደም ተከተል አየሁት፤ ጃሙ ከታች ነበር።

እቴቴ ስትመለስ እንደ ዳኛ ተረጋግታ ነበር። አስተናጋጇም ምን እንደገባት እንጃ፣ ሳንድዊች የሞላ ሳህን አምጥታ ማንንም ሳትጠይቅ እቴቴ ፊት አኖረችው። "አየሽ፣ ስትማር" አለች ልጇን፣ በላችም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ለኪሴም መልካም ነበር። ሒሳብ መጣ። ለአንድ ሰው 35 ፓውንድ፤ ለአራታችን 140። ከሥሩ ደግሞ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ተብሎ 17 ፓውንድ ከ50 ተደምሯል። ድምሩ 157.50 ነው። እቴቴ በብር አላስቀየረችም፤ በበግ ነው ያሰላችው፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ጠቦት ወጣ። አገልግሎት የሚለውን አማችየው "የሻይ ነው፣ ለአስተናጋጇ" ሲላት "ሻይ ጠጥተን የሻይ ደግሞ?" አለች። በአገራችን የሻይ የሚባለው ጉዳይ እንዲፈጸም መሆኑን ስለምታውቅ ምን ጉዳይ እንደነበረን ግራ ገባት።

አማችየው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እኔም የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ፤ ጋባዥ ኪሱ ሲገባ ዝም ብዬ አላይም። ዘልዬ ተነሣሁና ካርዴን ከፍ አድርጌ "እኔ እከፍላለሁ! ወላሂ አትከፍልም!" አልኩ። በእንግሊዝኛም ደገምኩት። ከዚህ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። እሱ ክንዴን ይይዛል፣ እኔ አስለቅቃለሁ፣ ይገፋኛል፣ እገፋዋለሁ፣ በመጨረሻ "እንዲህ ታደርገኝ!" ብዬ ቅር እያለኝ እሸነፋለሁ። አስተናጋጇ ግን ያን ያህል ጊዜ አልሰጠችንም። የሰው ቃል የምታከብር ልጅ ናት። መክፈያዋን ወደ እኔ ዘረጋች፣ ካርዴን ሰካች፣ ማሽኑ ጢጥ አለ። 157 ከ50።

አማችየው እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ስላላወጣው ዛሬም ይወቀሳል።

እቴቴ ፈረስ ቤት ተመልሳ ጎረቤት ሲጠይቃት "ንጉሡ የነበሩበት አገር ሄጄ መክሰስ በላሁ" ነው የምትለው፤ ሻዩን አታነሣውም። የእንግሊዝ ሰው ክፉ ነው ወይ ሲሏት "ደግ ነው፤ ግን አይለምንም" ትላለች። እኔ ደግሞ ወደዚያ ለምትሄዱ የአገሬ ልጆች ያለኝ ምክር ይኸው ነው። "ውሰዱ" ሲሏችሁ በመጀመሪያው ውሰዱ፤ ሁለተኛ የለም። "እኔ ልክፈል" የሚለውን ግን ገንዘቡ ከሌላችሁ በቀልድም አትበሉ።